አጋዘን የተቀረጸበት የኪስ ሰዓት፦ ሙሉ ወርቅ ነው ወይ? ቅርጹስ የእጅ ሥራ ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የወርቅ ቀለም ያለው፣ የፊት ክዳኑ ላይ አጋዘን፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሐረግና አበባ የተቀረጸበት ባለ ክዳን የኪስ ሰዓት ለሽያጭ ቀርቦልኛል። የጀርባው ክዳን ሲከፈት ከውስጥ በኩል ‹14 ካራት› እና ‹ለ20 ዓመት ዋስትና ያለው› የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ማሽኑ ኤልጂን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው። ሻጩ ሙሉ ወርቅ ነው ይላል። ቅርጹ በእጅ የተሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደብዘዝ ስላለ ባስወለውለው ይሻላል? እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን መሰብሰብ ብጀምርስ ከምን ልነሳ?»

ገንዘብ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ላስቀድም፤ የገለጹት ቀፎ፣ ማለትም ማሽኑን የሚይዘው የውጭ አካል ከነክዳኖቹ፣ ሙሉ ወርቅ አይደለም። ይህን የሚመሰክረው ሻጩ እንደ ማስረጃ ያሳየዎት ጽሑፍ ራሱ ነው። ሙሉ ወርቅ የሆነ ቀፎ ቢፋቅም ከሥሩ የሚወጣው ያው ወርቅ በመሆኑ የዓመት ዋስትና አያስፈልገውም። «20 ዓመት» የተባለው የላዩ ወርቅ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ተበልቶ ሥሩ ሳይታይ ይቆያል ተብሎ የታሰበው ጊዜ ነው። ይህ አሠራር ጎልድ ፊልድ (የወርቅ ልባስ) ይባላል፤ ጄምስ ቦስ የተባለ የፊላደልፊያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወፈር ያለ የናስ ሳህን በሁለት ስስ የወርቅ ሳህኖች መካከል ገብቶ ይበየዳል፣ ከዚያም በመዳመጫ ተጨምቆ አንድ ሉህ ይሆናል፣ ቀፎውም ከዚህ ሉህ ይወጣል። «14 ካራት» የሚለውም የተነገረው ስለዚያ የላይኛው ወርቅ ጥራት ነው። ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም፤ ከአባቱ የወረሰውን ሰዓት ሙሉ ወርቅ ነው ብሎ በቅንነት የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ዋጋው ግን በሙሉ ወርቅ ሒሳብ ሊጠየቅ አይገባም።

ይህን ያልኩት ሰዓቱን እንዲንቁት አይደለም። የወርቅ ልባስ ያላቸው ቀፎዎች በኤሌክትሪክ ከሚደረገው ቅብ እጅግ የወፈረ ወርቅ ያላቸው ናቸው፤ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ቅርጻቸው አንድም ሳይጎድል የሚገኙ አሉ። የእርስዎ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ይያዙና ወርቁ አስቀድሞ የሚሳሳባቸውን ቦታዎች ይመልከቱ፦ ሰንሰለት የሚታሰርበትን ቀለበት፣ የቀፎውን አንገት፣ የክዳኑን ጠርዝ፣ በተለይም ጣት ዘወትር የሚያርፍበትን የክዳኑን መክፈቻ አፍ። ከወርቁ ለየት ያለ፣ ቢጫነቱ የጠወለገ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካዩ ናሱ ወጥቷል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ውጩን ፍቆ አሲድ በማንጠብጠብ ይመረምራል፤ በተቀረጸ ቀፎ ላይ ይህን ማድረግ ጉዳት እንጂ ምርመራ አይደለም፣ እንዳይፈቅዱ።

የማኅተም ነገር ከተነሳ ዘንድ፣ ወደፊት ሌሎች ሰዓቶችም ስለሚገጥሙዎት ጥቂት ልጨምር። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ መንግሥት የሚመታው የጥራት ማኅተም ስላልነበረ እምነቱ ሁሉ በቀፎ ሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ኪስቶን፣ ዱበር፣ ፋሂስ፣ ክሬሰንት ያሉ የቀፎ ፋብሪካዎችን ምልክት መለየት መማር ግድ ይላል። በስዊዘርላንድ ከ1880ው ሕግ ወዲህ የተሠራ ቀፎ ከሆነ ምልክቱ ሥዕል ነው፦ ለ18 ካራት ወርቅ የሴት ራስ፣ ለ14 ካራት ሽኮኮ፣ ከሺህ 875 እጅ ንጹሕ ለሆነ ብር ድብ፣ 800 እጅ ለሆነ ደግሞ ወፍ። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ፣ የከተማው ምልክት (ለለንደን የነብር ራስ፣ ለበርሚንግሃም መልሕቅ) እና ዓመቱን የሚናገር አንድ ፊደል ይመታሉ፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ቀፎ የተወለደበትን ዓመት በራሱ ይነግርዎታል። ሁለት ወጥመዶችንም ይጠንቀቁ። አንደኛው ሲልቨሮይድ፣ ሲልቨሪን፣ ሲልቨሮድ የሚሉት ስሞች ናቸው፤ ብር የሚያስመስሉ የኒኬል ቅይጥ መጠሪያዎች እንጂ አንዳች ብር የለባቸውም። ሁለተኛው በአውሮፓ ሰዓቶች ላይ ከጀርባው ክዳን ቀጥሎ ያለው የአቧራ መከላከያ ክዳን ነው፤ የውጩ ቀፎ ሙሉ ወርቅ ሆኖም ይህ የውስጡ ክዳን በወርቅ የተለበጠ ናስ የሆነበት ሰዓት በጣም ብዙ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ክዳን ለየብቻው ማኅተም እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቅርጹ ልምጣ፤ እኔን ለዓመታት ከዚህ ሙያ ጋር ያቆራኘኝም እርሱ ነው። የተቀረጸ ቀፎ ትልቁ ሀብቱ የመስመሩ ስለት ነው። ቀራጩ ጫፉ የተሳለ ብረቱን በመዳፉ ደግፎ ወደ ፊት ሲገፋ ብረቱ ከቀፎው ላይ ፀጉር የምታክል ቅንጣት እየላጠ ይሄዳል፤ የሚተወው ቦይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ግድግዳዎቹ ለስላሳና አንጸባራቂ የሆነ ቦይ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት መስመሩ ሲጀምር ቀጭን ነው፣ እጅ ሲጫን ይወፍራል፣ ሊያልቅ ሲል እንደገና ይቀጥንና ጅራት አበጅቶ ይጠፋል። የአጋዘኑ አንገት ላይ ፀጉሩን የሚያሳዩት ጭረቶች አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ረዘም፣ አንዳንዱ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ከአጋዘኑ በስተኋላ ያለው ደብዛዛ መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሠራው ጠፍጣፋ አፍ ያለውን መቅረጫ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዙ በመግፋት ነው፤ በማጉያው ሲታይ እጅግ የደቀቀ የእባብ አካሄድ ይመስላል፣ ሰዓቱን በብርሃን ሥር ሲያዘነብሉትም ይህ መሬት ሲጨልም አጋዘኑ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። በቅርጽ አውጪ ማተሚያ የተመታ ቀፎ ይህ ሁሉ የለውም። የመስመሮቹ ጠርዝ ክብ ይሆናል፣ የቦዩ ወለል አያበራም፣ የግራው ቅጠል ከቀኙ ቅጠል ጋር እስከ መጨረሻዋ ጭረት አንድ ይሆናል። ፋብሪካዎች ሁለቱን ያጣመሩበት ጊዜም ስላለ፣ ዋናው ምስል ታትሞ ዓይኑና ቀንዱ ብቻ በእጅ የተነካካ ቀፎ ቢገጥምዎ አይደነቁ።

ጥልቀትም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። በወርቅ ልባስ ላይ የሚሠራ ቀራጭ ትንሽ አብዝቶ ቢጫን ናሱ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ የነዚህ ቀፎዎች ቅርጽ ጥልቀት የሌለው፣ በብርሃን ነጸብራቅ የሚኖር ቅርጽ ነው። እነዚያ ሠራተኞች በወረቀት ውፍረት ውስጥ የአጋዘንን ጡንቻ ማሳየት መቻላቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በሙሉ ወርቅ ላይ ግን ቀራጩ እንደ ልቡ ይቆፍራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የተሠሩት የአሜሪካ ከባድ ቀፎዎች ቅጠልና አበባቸው ለብቻው ተቆርጦ የተበየደ፣ ከዚያም የተቀረጸ ሲሆን፣ ቅጠሉ ብር በበዛበት አረንጓዴ ዘመም ወርቅ፣ አበባው መዳብ በበዛበት ቀይ ወርቅ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ቀፎ እውነተኛ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ያለው ጠርዝ በማጉያ ይለያል።

መስመሮቹ በእጅ ሊሆኑ የማይችሉ ያህል የተስተካከሉ፣ እንደ ውኃ ሞገድ ወይም እንደ ገብስ እህል የሚደጋገሙ ከሆኑ ግን ያ ጊዮሼ የሚባለው ነው። ሥራው በእጅ የሚዞር መኪና ይጠይቃል፤ ቀፎው በመኪናው ላይ ታስሮ ሲዞር የማይንቀሳቀስ ስለት እየዳሰሰው መስመሩን ያወጣል። ዕውቁ ሰዓት ሠሪ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ከ1780ዎቹ ጀምሮ በሰዓቶቹ ገጽ ላይ በብዛት የተጠቀመበት ይኸው አሠራር ነው። ጊዮሼ ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው እላለሁ፤ መልኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስለሆነ መሳሳቱን በቀላሉ ያሳብቃል። በአንገቱ ግርጌና በጠርዙ አካባቢ ስለታም ሆኖ ተገኝቶ መሐሉ ላይ እንደ ተረገጠ ሣር የተኛ ከሆነ፣ ያ ሰዓት ምን ያህል ዓመት ከኪስ ወጥቶ እንደ ገባ ያውቃሉ።

ከእነዚህ በፊት የነበሩትንም ባጭሩ ልጥቀስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰዓቱ ሁለት ቀፎ ነበረው፤ የውስጡ ሜዳ ሲሆን የውጩ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመታ የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም የጥንት ግሪክና ሮም ታሪክ ምስል ይወጣበት ነበር። ሉሁ ሲመታ ስለሚሳሳ የሰዎቹ አፍንጫና ጉልበት ተበልቶ በስቶ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ከሥሩ በብየዳ የተደፈነ መሆኑን ለማየት ቀፎውን ገልብጦ ውስጡን መመልከት ይበቃል። ኒየሎ የሚባለው ደግሞ የብር፣ የመዳብ፣ የእርሳስና የድኝ ቅይጥ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ቀልጦ የሚሞላበት ጥቁርና ነጭ ጌጥ ነው። በብረት ላይ ቀልጦ በሚጣበቅ ባለ ቀለም መስታወት የሚሠራው የጄኔቫ የኢናሜል ሥዕል ለብቻው ዓለም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ ሆኖም የዚያች ከተማ አንጥረኞች የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን ከ1541 በኋላ ጌጣጌጥ ማድረግ እንዲከለከል ባደረገ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰዓት ማዞራቸው፣ የሰዓት ቀፎ ለምን እንዲህ የጌጥ ማረፊያ ሆኖ እንደ ቀረ ጥቂት ያስረዳል።

ስለ መወልወል የጠየቁት ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ነው። እባክዎ አያስወልውሉት። በመወልወያ ጎማ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ውልወላ ብረት ያነሳል፣ መጀመሪያ የሚሄደውም የመስመሩ ስለት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ የብር ሰዓት ለአንድ ሠራተኛ ሰጥቼ እንዲያጸዳልኝ ጠየቅሁ። ስሰጠው ጀርባው ላይ ሁለት ወፎች በቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው የክንፋቸው ላባ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሲመልስልኝ ቀፎው እንደ መስታወት ያበራል፣ ወፎቹ ግን ላባ አልነበራቸውም፤ ጥላ የሚመስል ቅርጻቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሠራተኛው ጥሩ ሥራ እንደ ሠራ ያምን ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ምን እንዳይነካ አልነገርኩትም። ያን ሰዓት አልሸጥኩትም። ቀራጩ ያዋለው ቀን ዳግም ሊመለስ እንደማይችል ያወቅሁት በእርሱ ነው።

የእርስዎ ሰዓት መደብዘዝ የእጅ ቅባትና አቧራ ከሆነ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማበስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሰዓት ሠሪ ማሽኑን አውጥቶ ባዶውን ቀፎ ለብ ባለ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ያጥበው፤ ማጠፊያዎቹ ውስጥ እርጥበት እንዳይቀር ሆኖም ይድረቅ። ብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ መንከር በጥልቁ መስመር ውስጥ የተኛውን ጥቁረት ስለሚያጠፋ ቅርጹ ሕይወቱን ያጣል፤ ኒየሎን ይጎዳል፣ ኢናሜል ያለበትን ቀፎ ደግሞ በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ሊሰነጥቀው ይችላል። ብር የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ ስለሆነ ሰዓትዎን ከጎማና ከሱፍ ጨርቅ አርቀው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው፣ በደረቅ ቦታ ያኑሩት።

የተፋቀ ስምም ሌላው መታየት ያለበት ነገር ነው። በብዙ ቀፎዎች መሐል ላይ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደላት የሚቀረጹበት ባዶ ጋሻ አለ። የቀድሞው ባለቤት ፊደላት ተፍቀው ከጠፉ ያ ቦታ ሰርጉዶ ይቀራል። ክዳኑን ወደ መስኮት ይዘው ዘንበል ሲያደርጉት የመስኮቱ ምስል በጋሻው ላይ ሲደርስ ቢጎብጥ ወይም ቢወዛወዝ ተፍቋል ማለት ነው፤ በወርቅ ልባስ ላይ ከሆነ ናሱ ከመውጣቱ በፊት የቀረው ወርቅ እጅግ ስስ ነው። እኔ በበኩሌ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፎበት ያለውን ሰዓት ከተፋቀው አብልጬ እገዛለሁ፤ ፊደላቱም የእጅ ሥራ ናቸውና።

ቀጥሎ ማሽኑና ቀፎው አብረው የኖሩ መሆናቸውን ማየት አለብዎ። እዚህ ላይ የአሜሪካ ሰዓቶች ጠባያቸው ለየት ይላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤልጂንና ዋልተም ያሉት ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን ብቻ ይሸጡ ነበር፣ ቀፎውን ገዢው ከሌላ ፋብሪካ መርጦ በጌጣጌጥ ሱቅ ያስገጥም ነበር። ስለዚህ በማሽኑና በቀፎው ላይ ያለው ተራ ቁጥር አለመመሳሰሉ ጉድለት አይደለም። በ1864 የተመሠረተው ኤልጂን ማሽኖቹን ሁሉ ተራ ቁጥር ስለሰጣቸው ከቁጥሩ የማሽኑን ዕድሜ በቀላሉ ያገኛሉ፣ የቀፎው ቁጥር ግን የዚህን ዓይነት ምስክርነት አይሰጥም። መታየት ያለበት ሌላ ነው። በቀፎው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ማሽኑን የያዙት ብሎኖች የተዉትን ምልክት ይፈልጉ፤ ብሎኖቹ ካሉበት ራቅ ብሎ ሌላ የብሎን ጠባሳ ካለ በዚያ ቀፎ ውስጥ ሌላ ማሽን ይኖር ነበር። የመሙያውንም ቦታ ይመልከቱ፦ ባለ ክዳን ሰዓት ላይ መሙያው በ3 ቁጥር በኩል፣ ክዳን በሌለው ላይ በ12 ቁጥር በኩል ይሆናል። ይህ የተዛባበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቀፎው የተለወጠ ነው። እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ያሳዝናል፤ የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቀፎዎች ለማቅለጫ ይሄዳሉ፣ ያለ ቀፎ የቀሩት ማሽኖች ደግሞ ያገኙት ቀፎ ውስጥ ይገባሉ።

በዚሁ አጋጣሚ ጀማሪዎችን ስለሚያታልል አንድ ነገር ልንገርዎ። ጀርባው ላይ ባቡር የተቀረጸበት ሰዓት የባቡር ሠራተኞች ሰዓት ነበር ማለት አይደለም። በኦሃዮ ኪፕተን ላይ በ1891 ሁለት ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ የወጡት የባቡር መሥሪያ ቤቶች መመዘኛዎች ክዳን የሌለው፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ ሰዓት የሚጠይቁ ነበሩ። ባቡር የተቀረጸበት ባለ ክዳን ሰዓት ባቡርን ለወደደ ማንኛውም ሰው የተሸጠ ጌጥ ነው፤ በጌጥነቱ ይግዙት፣ በሌላ ዝና ተጨማሪ አይክፈሉ።

ከምን ልነሳ ላሉት፣ ከአንድ ምስል ወይም ከአንድ አሠራር ይነሱ እላለሁ። አጋዘኑ ስለማረከዎት የአራዊት ቅርጽ ያለባቸውን ቀፎዎች ብቻ ለሁለት ዓመት ያህል ቢከታተሉ የቀራጮቹን እጅ ከእጅ መለየት ይጀምራሉ፤ ሁሉንም ዓይነት የሚሰበስብ ግን ብዙ ገዝቶ ጥቂት ያያል። ምርጫው በተበላ ሙሉ ወርቅና ቅርጹ ሙሉ በሆነ ብር ወይም የወርቅ ልባስ መካከል ከሆነ ሳያመነቱ ሁለተኛውን ይያዙ። የማይሠራ ማሽን የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራዎት፣ ብልሃተኛ ሰዓት ሠሪ አብዛኛውን ይጠግነዋል፤ የጠፋን መስመር ግን መልሶ የሚያመጣ የለም፣ እንደገና በላዩ የሚቀርጽም ሌላ ሥራ ይሠራል እንጂ የመጀመሪያውን አይመልስም። የሚሠራ ሰዓት ቢሆንም መቼ ዘይት እንደ ተቀባ ካልታወቀ ሳያስፈትሹ ሞልተው አያስኪዱት፤ የደረቀ ዘይት የሚበላው የማሽኑ ጥርሶች የሚዞሩባቸውን ቀጫጭን ምሰሶዎች ነው።

ወደዚያ አጋዘን ስንመለስ፣ ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ ማጉያ መነጽርዎን ይዘው የአጋዘኑን ትከሻና ግንባር ይዩ፤ ከክዳኑ ሁሉ ጎላ ብለው የሚወጡት እነርሱ ስለሆኑ አስቀድመው የሚፋቁትም እነርሱ ናቸው። እዚያ ላይ የፀጉሩ ጭረት ከታየ፣ በክዳኑ አፍ ላይ ናስ ካልወጣ፣ ከውስጥ ጠርዙም የሌላ ማሽን ብሎን ጠባሳ ከሌለ፣ የወርቅ ልባስ ቀፎ በሚገባው ዋጋ ተስማምተው ይግዙት። ከገዙት በኋላ ክዳኑን ሲዘጉ መሙያውን በአውራ ጣት ጫን አድርገው መያዣው እንዲገባ ካደረጉ በኋላ ክዳኑን ይክደኑና መሙያውን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ቀጭ እያደረጉ መግጠም የክዳኑን አፍ ይበላዋል፣ ናሱም መጀመሪያ የሚወጣው ከዚያ ነው።